በመርዶው ማለዳ ያልታሰረው ውሻ

በእኛ አገር ውሻ ያለበት ደጅ ሳይጠሩ አይገባም። ከድንጋይ ካቡ ወዲያ ራቅ ብለህ ትቆማለህ፣ «ቤቶች፣ ውሻ ያዙ» ትላለህ፣ ባለቤቱ ወጥቶ የውሻውን አንገት እስኪይዝልህ ትጠብቃለህ። ቢዘንብም ቢበርድም ትጠብቃለህ። ይህን ለልጅ ቁጭ ብሎ የሚያስተምር የለም፤ ልጁ እግር ሲያወጣ አብሮ ያውቀዋል። ሳይጠራ ገብቶ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ታቅፎ ይሄዳል እንጂ ማንንም አይጠይቅም። ጠርቶ፣ ባለቤቱም እየሰማ ሳይወጣ ቀርቶ ከተነከሰ ግን ባለቤቱ አለቀለት። ያሳክማል፣ የተነከሰው እስኪድን እርሻውን ያርሳል፣ አዝመራውን ያጭዳል። ሽማግሌ ስለ ውሻ ነገር ሲቀመጥ ውሻው ክፉ ነው ደግ ነው ብሎ አይጀምርም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጠርቷል ወይስ አልጠራም?

የመንግሥት ሕግ እንዲህ አይደለም። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ መሐል ሜዳ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የውሻ ክስ ስንቱ በእጄ አልፏል። በወረቀቱ በኩል ከሄድክ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፣ አለቀ። ከመዝገብ ቤቱ በር እልፍ ሲሉ ግን ያው ጠርቷል አልጠራም ነው። ሁለቱንም አውቃለሁ ማለቴ ነው። ኋላ «አላወቅሁም ነበር» ብዬ የምሾልክበት ቀዳዳ እንዳልነበረኝ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ጡረታ ስወጣ አባቴ ወደተዉልኝ ቦታ ተመለስኩ። ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ብርዱ አጥንት የሚቆረጥምበት፣ ከገብስና ከበግ በቀር ሌላ ነገር የማይሆንበት ጋራ ሥር ነው። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቼም በየከተማው ናቸው። በግ ካለ ጅብ አለ፣ ጅብ ካለ ውሻ ያስፈልጋል። የእኔው አንገቱ የወፈረ፣ ቡናማ፣ ለማንም ፊት የማይሰጥ ውሻ ነበር። ስም ነበረው፤ ግን እዚህ የማንንም ስም አልጽፍም ብያለሁና የእሱም ይቅር።

አያያዜ እንዲህ ነበር። ማታ በጎቹ ሲገቡ እፈታዋለሁ፣ ግቢውን ሲዞር ያድራል። ጎህ ሲቀድ፣ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ፣ ወጥቼ በረቱ ጥግ ካለው ችካል ላይ አስረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው በደጄ የሚያልፈው፣ ውሃ የሚወርደው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው። መንደርተኛው ሁሉ «ጎህ ከቀደደ የእሷ ውሻ ታስሯል» ይል ነበር። በዚህ ነገር አንድ ቀን ተዛንፌ አላውቅም። እንዲያውም ውሻቸውን ለቀው የሚያረፍዱትን እሳደብ ነበር፣ ማሳደግ እንጂ ማሰር የማይችሉ እያልኩ። አፌ ሥራ አይፈታም።

ነገሩ የሆነው በኅዳር፣ ውርጭ በሚጥልበት ሰሞን ነው። ደብረ ብርሃን የሚኖር ታላቅ ወንድም ነበረኝ። ታመመ፣ ሆስፒታል ገባ፣ ተሻለው፣ እንደገና ባሰበት። ከልጁ ጋር በየቀኑ በስልክ እንነጋገር ነበር። አንድ ማክሰኞ ልጁ ስልኩን አላነሳም። አመሻሹ ላይ ጎረቤቴ መጣች። ከእኔ በዕድሜ የምታንስ፣ ለእኔ እጅግ ደግ የሆነች ሴት ናት።

«እትዬ፣ ስልክዎን ለዛሬ ያውሱኝ እስቲ። የእኔው ባትሪው አልይዝ ብሎ አስቸገረኝ» አለችኝ።

ሰጠኋት። ጠዋት እመልሳለሁ ብላ ይዛው ሄደች። ስትናገር ዓይኗ ከመሬት አልተነሳም።

አሁን አሁን በእኛ አካባቢ መርዶ የሚጀምረው ስልክ ከመሰብሰብ ነው። ድሮ የሞት ወሬ በእግር ስለሚመጣ አርጂዎቹን የሚቀድማቸው አልነበረም። ዛሬ ስልክ ሰውን ገበያ መሃል፣ ወንዝ ዳር፣ ደጋፊ በሌለበት ብቻውን ቆሞ ያረዳዋል። ስለዚህ ዘመድ የሞተበት ሰው ቤት አንድ ሰው ይላክና ስልኩን በሆነ ሰበብ ይወስድበታል። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የነፍስ አባቱና ሁለት ሦስት ሽማግሌ ሆነው መጥተው፣ አስቀምጠው ያረዱታል። እኔ ራሴ የሦስት ሰው ስልክ እንዲህ ለቅሜያለሁ። አንዱንማ «ሰዓት ልይበት» ብዬ ነው የወሰድኩት፣ ሰዓት በእጄ ላይ እያለ።

ስለዚህ ጎረቤቴ ከካቡ ሳትወጣ ወንድሜ እንደሞተ አውቄያለሁ። የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው ነው። ግን አላለቀስኩም። በጎቹን አስገባሁ፣ ውሻውን ፈታሁ፣ እራቴን በላሁ። «ባትሪው እውነትም አልይዝ ብሎ ይሆናል» እያልኩ ራሴን ሳሞኝ አደርኩ።

መርዶ የሚያመጣ ሰው አይጠራም። ይህም ሥርዓት ነው። በዚያ ሰዓት «ቤቶች» ብለው ከጠሩ ባለቤቱ ገና ከአልጋው ሳይነሳ ልቡ ይወድቃል። ስለዚህ በቀስታ ይመጣሉ፣ ከካቡ ውጭ ይሰባሰባሉ፣ ሰውየው ለራሱ ጉዳይ ሲወጣ ያኔ አብረውት ይገባሉ። ውሻውስ ለሚለው መልሱ ቀላል ነው፤ በዚያ ሰዓት ይታሰራል ብለው ነው የሚመጡት። በእኔ ቤት ደግሞ ከማንም ቤት ይልቅ በዚህ እምነት ነበራቸው።

ጎህ ሲቀድ ነቅቼ ነበር። የማስርበት ሰዓት ደርሷል። እግሬን ከአልጋ አወረድኩ፣ ጫማዬን በእግሬ ፈለግሁ፣ ያኔ ኮቴ ሰማሁ። የአንድ ሰው አልነበረም። ውርጭ የያዘው ሣር ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። ካቡ ዘንድ ሲደርስ ኮቴው ቆመ። ሹክሹክታ ሆነ። አንድ ሰው ሳል ጀመረውና መልሶ አፈነው። እግሬን አንስቼ ብርድ ልብሱ ውስጥ መልሼ ከተትኩ።

ምን እንዳሰብኩ ልክ ልኩን አውቃለሁ፣ አላስጌጠውም። በሩን እስካልከፈትኩ ድረስ ወንድሜ አልሞተም። ያ ብቻ ነው። ውሻው እንዳልታሰረም አስቤያለሁ። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አሰብኳቸው፣ አመዛዘንኳቸው፣ እና ተኛሁ። ውሻው መጮህ ጀመረ። ይጩህ አልኩ፤ ሰዎቹ ልጆች አይደሉም፣ ራቅ ብለው ይቆማሉ። ጥቂት ቆይቶ ጩኸቱ ድንገት ተቆረጠና ሰው «ወይኔ እጄን» ሲል ሰማሁ።

ድምፁን አወቅሁት። የነፍስ አባቴ ናቸው። ባሌን የቀበሩልኝ፣ ልጆቼን ያጠመቁልኝ፣ ለእናቴ ያልነገርኩትን የነገርኳቸው ቄስ።

ስወጣ እሳቸው ከግቢው መዝጊያ ውጭ ናቸው፣ ቀኝ እጃቸው በመዝጊያው እንጨቶች መሃል ገብቶ በውሻው አፍ ውስጥ ነው። አንገቱን አንቄ አስለቀቅሁት። ሌላ ጊዜ ጅራቱን እየቆላ ይቀበላቸው ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ለብርዱም፣ ማንነታቸው ከሩቅ እንዳይታወቅም ብለው የበግ ጠጉር ባናቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል። እጃቸውን ያስገቡት መዝጊያውን ሊከፍቱ መሰለኝ። የአውራ ጣታቸው ሥር ያለው ሥጋ ተገልብጧል። አብረዋቸው ከመጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ግራ ገብቶት ቆመና «ወንድምሽም አርፏል፣ አባም ተነከሱ» አለኝ፣ በአንድ ትንፋሽ። እንዲህ ያለ መርዶ ሰምቼ አላውቅም። ወንድሜን ላልቅስ ወይስ ደሙን ልጠብ? ደሙን አጠብኩ።

ጤና ኬላ ያለችው ልጅ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ እያፈሰሰች ለረጅም ጊዜ አጠበችው፤ እሳቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ዳዊት ይደግማሉ። ውሻው ተከትቧል ወይ አለች። ለጓሳ ቀይ ቀበሮዎች ተብሎ፣ የእኛ ውሾች እብደት እንዳያጋቡባቸው፣ ውሻ የሚከትቡ ሰዎች አንድ ጊዜ መጥተው ነበር። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ወረቀት አይጥልምና ወረቀቱን ከሳጥን አውጥቼ ላክሁላት። ጊዜው አልፏል አለች። ውሻው እንዳይገደል፣ አሥር ቀን ታስሮ እንዲታይ፤ አባም ዛሬውኑ መሐል ሜዳ ሄደው መርፌውን እንዲጀምሩ አዘዘች። እሳቸው በሚኒባስ ሄዱ። እኔ ለቅሶ ተቀመጥኩ።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ከበር ሲገባ «እግዜር ያጥናሽ» ይለኛል፣ ገና ሳይቀመጥ ደግሞ «ውሻው እንዴት አደረ?» ይላል። ወንድሜ በገዛ ለቅሶው በውሻ ተበለጠ። ወንዶቹ ይገደል አሉ፣ ከመካከላቸው አንዱማ ዱላውን ይዞ ተነስቶ ነበር። «ከገደላችሁት ማበዱን በምን እናውቃለን? አባን ልትገድሏቸው ነው?» ብዬ በበረቱ በር ላይ ቆምኩ። ነጠላዬን ወደ ታች ዘቅዝቄ፣ ፊቴ በእንባ ሳይሆን በንዴት ቀልቶ። አሥር ቀን ሙሉ ውሃ ጠጣ ወይ፣ ምራቁ ተዝረከረከ ወይ፣ እግሩ ተሳሰረ ወይ እያልኩ ውሻ ስጠብቅ ከረምኩ። ለወንድሜ በቅጡ አላለቀስኩም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ውሻው አላበደም። በአሥራ አንደኛው ቀን እንደ ወትሮው ምግቡን ጠረገና አዛጋ። እፎይ አልን።

ከዚያ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ማንም አልከሰሰም፤ ግን ቄስ በውሻ ተነክሶ ነገሩ እንዲሁ ቢታለፍ ነውር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ጥዱ ሥር ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እሳቸው እጃቸው እንደተጠቀለለ መጡ። እኔ ጥቁሬን ለብሼ ቆምኩ። ታላቁ ሽማግሌ እንደ ደንቡ ከእሳቸው ጀመሩ።

«አባ፣ ጠርተው ነበር?»

«አልጠራሁም። መርዶ ይዤ እንዴት ብዬ እጠራለሁ? ጥፋቱ የእኔው ነው፣ እሷ ምን ታድርግ» አሉ።

«አንቺስ፣ በዚያን ሰዓት ውሻሽ ይታሰር አልነበረም?»

«እንቅልፍ ጣለኝ» አልኩ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ መዝገብ ቤት ተቀምጦ «ፋይሉ አልተገኘም» ሳይሉ አይዋልም። እንደዚያች ቀን የቀለለኝ ውሸት ግን አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ወንድሟ የሞተባት ሴት፣ ያን ቀን ብቻ እንቅልፍ ቢጥላት ምን ይደንቃል አሉ። አባ አልጠሩም፣ ስለዚህ የውሻው ባለቤት አትጠየቅም። እግዜር ያመጣው ነው ተባለ፣ ተመራረቅን፣ ተበተንን። አባ በግራ እጃቸው ትከሻዬን ነካ አድርገው «በርቺ ልጄ» አሉኝና ሄዱ።

የእብደቱ ነገር ቢቀርም እጁ ግን አልዳነም። አመረቀዘ። መሐል ሜዳ ተመላለሱ፣ ጠበልም ገቡ። በጥር ቁስሉ ሲደርቅ አውራ ጣታቸው አልታጠፍ አለ፤ ከእጃቸው ላይ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጥ ብሎ ቀረ። የእኛ አገር ቄስ ገበሬም ነው። የበልግ እርሻ ሲደርስ እርፍ መጨበጥ አቃታቸው፣ መሬታቸው ጦም ሊያድር ሆነ።

ከእርሻው የባሰው ሌላ ነበር። ቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል፤ አምስት ካልሞሉ አይቀደስም። በአጥቢያችን ያሉት ቄሶች ሁለት ብቻ ናቸው፣ እሳቸውና አንድ ሽማግሌ ካህን። ቁስሉ ደም እስካለው ድረስ መቅደስ መግባት አይችሉም ነበር፣ ያንን ሁሉም ሰው ታገሠ። ከዳነ በኋላ ግን ራሳቸው እምቢ አሉ። ቅዱሱን ኅብስት የሚይዘው፣ የሚፈትተው ያ እጅ ነው። ሰው ሲለምናቸው «ከእጄ ቢወድቅስ?» ይላሉ፣ ሌላ ቃል አይጨምሩም። አንዳንዴ ከሌላ አጥቢያ ቄስ ይለመናል፣ ያም የራሱ ቤተ ክርስቲያን አለበት። ስንት እሑድ ደወሉ ተደውሎ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የኪዳን ጸሎት ብቻ ደርሶ ወደየቤቱ ተመለሰ።

ይህን ሁሉ ጊዜ እኔን የወቀሰኝ አንድም ሰው አልተገኘም። ሰይጣን ነው አሉ። ውርጩ ነው፣ ባናው ነው አሉ። አንዷ ሴትዮ ስልክ ነው ሁሉን ያመጣው ብላ ስልክን ረገመች። እኔን ሲያገኙኝ ያዝኑልኛል፣ በዚያም ላይ እንቁላል ያመጡልኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔዋ እውነት ግን ቀን በጨመረ ቁጥር እየተቀበረች ሄደች፤ የሚያውቃት ሰው እኔ ብቻ ነኛ።

በየካቲት አንድ ጠዋት ያቺ ስልኬን የወሰደችው ጎረቤቴ የልጅ ልጇን ክርስትና ለማስነሳት ስትወጣ አየኋት። ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ስለሌለ ጋራውን ተሻግረው ሌላ አጥቢያ ሊሄዱ ነው። አራስዋ እናት ነፋሱን እየገፋች ትወጣለች፣ ጎረቤቴ ሕፃኗን በጋቢ ላይ ጋቢ ደራርባ ታቅፋለች። እኔን ስታይ ፈገግ ብላ «እትዬ፣ እንዴት አደሩ» አለችኝ። እንዴት እንዳደርኩ ብታውቅ ኖሮ ሰላምታዋን በከለከለችኝ ነበር።

ያኔ ቆረጥኩ። ዐቢይ ጾም በገባ በሳምንቱ ረፋድ ላይ አባ ቤት ሄድኩ። መደቡ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ንስሐ መግባት እፈልጋለሁ አልኳቸው፣ ተቀመጪ አሉኝ።

«አባ፣ ያን ቀን ተኝቼ አልነበረም» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ።

«ስትመጡ ሰምቻለሁ። ኮቴያችሁን ሰምቻለሁ፣ ሳሉንም ሰምቻለሁ። ውሻው እንዳልታሰረ አውቅ ነበር። ወንድሜ መሞቱን ከአፋችሁ ላለመስማት ብዬ ነው ያልወጣሁት። ሽማግሌዎቹ ፊት ዋሽቻለሁ።»

የማይታጠፈውን አውራ ጣታቸውን በግራ እጃቸው ያሻሉ። እኔ ወለሉን አያለሁ።

«እጄን ለምን እንዳስገባሁ ታውቂያለሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«መዝጊያውን ሊከፍቱ ነዋ።»

«አይደለም። ፀሐይ እስክትወጣ ውጭ እንቆያለን ተባብለን ነበር። ከዛሬ በኋላ እንቅልፍ የላትም፣ እስከዚያ ትንሽ ትተኛ አልን። ውሻው ሲጮህ ሊቀሰቅስሽ ነው ብዬ ፈራሁ። እኔን ያውቀኛል፣ ሽታዬን ሲያገኝ ዝም ይላል ብዬ እጄን ሰጠሁት።»

አለቀስኩ። ለወንድሜ ያላለቀስኩትም ጭምር ይሁን አይሁን እንጃ፣ ብቻ ብዙ አለቀስኩ። እሳቸው አላባበሉኝም። እስካበቃ ጠበቁና፣

«ጥፋቱ ያንቺ ነው» አሉኝ። «አሁን እግዚአብሔር ይፍታሽ ብልሽ ከአፌ እንጂ ከልቤ አይደለም፤ ተቆጥቻለሁ። ሽማግሌ ፊት ያልሽውን ሽማግሌ ፊት አፍርሺው። ከዚያ እኔ ልቤ ሲመለስ አስጠራሻለሁ።»

ከኅዳር ጀምሮ ጥፋቱ ያንቺ ነው ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ከቤታቸው ስወጣ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ቀለለኝ።

በቀጥታ ታላቁ ሽማግሌ ቤት ሄድኩ። ነገሩን ስነግራቸው ደስ አላላቸውም።

«ያለቀ ነገር ለምን ትቀሰቅሻለሽ ልጄ? ሰዉ ሁሉ አዝኖልሻል እኮ» አሉኝ።

«የተነከሰው ሰዉ ሁሉ አይደለም፣ አባቴ። አንድ ሰው ነው» አልኳቸው።

በግድ እንደገና ተቀመጡ። ያኔ ተቸገሩ። ቄሱ አልጠሩም፣ ይህ አልተለወጠም፤ ባልጠራ ሰው ደግሞ ባለቤት አይጠየቅም። አንደኛው ሽማግሌ ደንቡን ከጣስን ነገ ሌባ ሁሉ ካብ እየዘለለ ተነከስኩ ይላል አሉ። እውነታቸውን ነው። ታላቁ ሽማግሌ ዱላቸውን እያሽከረከሩ እንዲህ አሉ።

«ጥሪ ለምንድን ነው? ባለቤቱ ሰው መምጣቱን እንዲሰማ ነው። እሷ ከሰማች ተጠርታለች።»

ሌሎቹም ተስማሙና ተፈረደብኝ። የአባን መሬት አሳርሳለሁ፣ አዝመራቸውን አሳጭዳለሁ፣ እሳቸው በቃኝ እስኪሉ ድረስ። ውሻውንም ሰው ከሚያልፍበት ደጅ አርቄ እንዳስር፣ ሌሊትም ቢሆን ከበረቱ እንዳይወጣ ተወሰነ። የቅዳሴውን ነገር አንዱ ሲያነሱ ታላቁ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። «እሱ ከእኛ አቅም በላይ ነው» አሉ።

የአባ የበልግ መሬት ዘግይቶም ቢሆን ታረሰ። ጥማድ በሬዎቼን ከአራሼ ጋር ላክሁ፣ ጓሉን ራሴ ሄጄ ከሴቶቹ ጋር ከሰከስኩ። በዕድሜዬ ጓል ስከሰክስ ያየ ሁሉ «ምነው እትዬ» ይላል፣ እኔም ምክንያቱን ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። እንቁላሉ ቀረ። ጎረቤቴ ሁለት ሳምንት ያህል አላነጋገረችኝም፣ በሦስተኛው ሰላም አለችኝ። አባ ሥራውን ለማየት ወጣ ብለው ከሩቅ ይቆማሉ፣ ግን ወደ እኔ አይመጡም።

ለሆሣዕና ሦስት ቀን ሲቀረው አስጠሩኝ። እዚያው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። መስቀሉን በግራ እጃቸው ይዘውታል። ተንበረከክሁ። ግንባሬን፣ ትከሻዬን ነክተው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ። ከልባቸው ነበር፤ ያንንስ ሰሚው ያውቀዋል። ልነሳ ስል ቆይ አሉኝ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳይከፋሽ። ከእንግዲህ ሌላ የነፍስ አባት ያዢ። ይቅር ብዬሻለሁ፣ ይህን አትጠራጠሪ። ግን አንቺን ባየሁ ቁጥር እጄን አያለሁ። እንዲህ እየሆንኩ ያንቺን ኃጢአት ልሰማ አይገባኝም።»

«እሺ፣ አባ» አልኩ።

መስቀሉን ተሳልሜ ወጣሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የነፍስ አባቴ ነበሩ።